ጠጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጥል ሰው፦ ስለ ብክለት ስጋት



ጠጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለ ሰው ከጥቂት ቀናት በኋላ ክዳኑን ገልጦ አረፋውን፣ የተንሳፈፈውን ሰፈፍና ኮምጠጥ ያለውን ሽታ ሲያገኝ «ተበላሸብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ስጋቱን አልንቀውም፤ ያረፈበት ቦታ ግን ትክክል አይመስለኝም። ጀማሪው የሚጨነቀው ጀርም እንዳይገባበት ነው፤ ምንም ያልገባበት ብርዝ ግን ብርዝ ሆኖ ይቀራል። ሉዊ ፓስተር በ1856 (እ.ኤ.አ.) በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ የአንድ አልኮል ፋብሪካ ችግር ሲመረምር፣ በደህናው በርሜል እርሾ፣ በኮመጠጠው ደግሞ ሌላ ዓይነት ደቃቅ ሕዋስ አገኘ። ሁለቱም በሕይወት የተሞሉ ነበሩ፤ የለያቸው ያሸነፈው ማን እንደሆነ ነው። ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናትም በጠጃችን ውስጥ ልዩ ልዩ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው እንደሚኖሩ አሳይተዋል።

ታዲያ እርሾው እንዲያሸንፍ የሚረዳው ምንድን ነው? ማር በተፈጥሮው አሲድነት አለው፤ ፍላቱ ሲጀምር ብርዙ ይበልጥ ይኮመጥጣል፣ አልኮሉም ይጨመርበታል። እዚህ ላይ፣ ማር ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚከለከለው በቦቱሊዝም ምክንያት አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ነው። ነገር ግን ቦቱሊዝምን የሚያመጣው ባክቴሪያ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) ከ4.6 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ አያድግም፤ ደህና የፈላ ጠጅ ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። ጋን በግራዋ አጥቦ በወይራ የማጠን ልማዳችንም በዚሁ መንገድ ቢታይ ጥሩ ነው፦ ጋኑን ከጀርም ፈጽሞ አያነጻውም፣ ያለፈውን ጊዜ ቅሪት አስወግዶ ለአዲሱ ፍላት መልካም ጅማሬ ይሰጠዋል እንጂ። በመስታወት ዕቃ ለሚጥል ሰው ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና በደንብ ማለቅለቅ ይበቃል። ከፍርሃት የተነሳ በረኪና አብዝቶ ሳያለቀልቁ መጣል ግን ጣዕሙን ያበላሻል፤ በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልማ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ሌላው ተቃውሞ ሜታኖል ነው። መጠጥ ሰው ገደለ የሚለው ዜና ያስፈራል፤ ፍርሃቱም አግባብ አለው። ይሁን እንጂ በፍላት ወቅት የሜታኖል ዋና ምንጭ በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘው ፔክቲን ሲሆን፣ ማር ደግሞ ፔክቲን እምብዛም የለውም። በጅምላ የሚገድለው መጠጥ በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ሜታኖል የተቀላቀለበት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይልቅ ፍርሃቱ ራሱ የሚወልደው አደጋ ነው። ጀርም እንዳይገባ ተብሎ ገና እየፈላ ያለ ጠጅ በመስታወት ጠርሙስ ጥብቅ ተደርጎ ሲከደን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መውጫ አጥቶ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ፍላቱ በበረታበት ጊዜ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ላላ ያለ ክዳን በቂ ነው። ሲረጋጋ ግን አየሩን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ጠጅን ወደ አቼቶ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ይሻሉና፣ ዕቃውን ሞልቶ ጋዝ በሚያስወጣ ክዳን መክደን ይሻላል። እንዲህ የኮመጠጠ ጠጅ ያሳዝናል፣ መርዝ ግን አይደለም። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጠጉር ያለው ሻጋታ ከላይ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሻጋታውን ገፍፎ ከሥሩ ያለውን መጠጣት አይገባም፣ ሁሉም ይደፋ።