የሽያጭ ደብተርም ማስረጃ ነው
(ለማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው አንዲት ሴት በመኪና ተገጭታ ካሳ ስትጠይቅ ፍርድ ቤት ምን ይዛ መቅረብ እንዳለባት ነው። ጉልት የምንሸጥ፣ እንጀራ የምናስረክብ፣ በየሰው ቤት ልብስ የምናጥብ ሴቶች ውሏችን መንገድ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ለሐዘንና ለስቃይ የሚከፈለው የሕሊና ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር አይበልጥም። ስለዚህ ዋናው ነገር ለሕክምና ያወጣነውና ያጣነው ገቢ ነው። እሱ ደግሞ በእንባ ሳይሆን በማስረጃ ነው የሚታየው።

የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት አደጋው መቼ፣ የት፣ በየትኛው መኪና እንደደረሰ ያሳያል። የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒት ደረሰኝ ጉዳቱንና ወጪውን ያሳያሉ። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ የአካል ጉዳቱን በመቶኛ ገልጾ የሚሰጠው ማስረጃ ይጨመራል።

የሚከብደው ገቢን ማስረዳት ነው። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል፤ እኛ ከማን እናጽፍ? እግሯ የተሰበረው አባላችን ለሁለት ምግብ ቤቶች እንጀራ ታስረክብ ነበር። በቀን ስንት እንደምታገኝ ስትጠየቅ "እንደ ዕለቱ ነው" አለች። አብረናት ቁጭ ብለን ፈለግን። እንጀራ ስታስረክብ የሚፈረምበት ደብተር ተገኘ። በማኅበራችን በየሳምንቱ የቆጠበችበት ደብተር ተገኘ። የዕቁቡ ጸሐፊና ጤፍ የምትገዛበት ነጋዴ ሊመሰክሩላት ፈቀዱ። ቤት ውስጥ ለምትረዳት ልጅ የከፈለችውንም ጻፍን። ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ቢሆንም እህታችን ዛሬ "እንደ ዕለቱ ነው" አትልም።

ሕጉ በአንቀጽ 2102 የጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኞች በርትዕ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ሆኖም ዳኛ የሚመዝነው ነገር ይፈልጋል።

አቀራረቡም ሥርዓት አለው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር ይያያዛል፤ የምስክሮች ስምና አድራሻም ይገባበታል። ዋናውን ሰነድ ለማመሳከሪያ በእጃችን እናቆይ፤ ኮፒውን ለፍርድ ቤቱና ለእያንዳንዱ ተከሳሽ እናዘጋጅ፤ ገጹን በተራ ቁጥር እንጻፍበት። በስልክ የተነሳ ፎቶ ታትሞ፣ ማን መቼ እንዳነሳው ይጻፍበት። "ኋላ አመጣዋለሁ" ብሎ የተተወ ማስረጃ ያለ በቂ ምክንያት ተቀባይነት አያገኝም። ክሱም በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 2143 ይህን ይላል።

እህቶች፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ የሸጥነውን፣ የገዛነውን፣ የተረፈንን እንጻፍ። መጻፍ የማንችል ልጆቻችን ይጻፉልን፤ ማኅበሩም በየወሩ አይቶ ይፈርምበት። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ደብተር፣ የፎቶ ኮፒ ወጪና የምስክር መጓጓዣ ትንሽ ሊመስሏችሁ ይችላሉ፤ ለአንዲት የተጎዳች እናት ግን የልጆቿ ቀለብ የሚወሰነው በእነሱ ነው።