አሮጌ ኮምፒውተር ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት



በየመጋዘኑ አቧራ የለበሱት ኮምፒውተሮች ሳይዘገዩ ቢሸጡ ገንዘብ ናቸው። ሆኖም የተጠማቂዎች መዝገብ፣ ከዚህም የሚከብደው ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ተረጂዎች ስም ዝርዝር በውስጣቸው ይገኛል። ፋይል መሰረዝ ስሙን ከማውጫው ያነሣል እንጂ ጽሑፉን አያጠፋም፤ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይነበባል። ስለዚህ አስፈላጊው መዝገብ አስቀድሞ ይገልበጥ፤ ከዚያም ሃርድ ዲስኩ በሙሉ በሌላ መረጃ ይሸፈን። ለኤስኤስዲ ግን ይህ አይበቃም፤ በአምራቹ የማጥፊያ ትእዛዝ ይጽዳ። የማይሠራው ተነቅሎ ይሰበር፤ ኮምፒውተሩ ያለ ዲስክም ገዢ አያጣም። ነጋዴው «እኔ አጠፋዋለሁ» ቢል አትቀበሉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጥንቃቄው የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ጨረታው የሚወጣው የእያንዳንዱ ዲስክ መለያ ቁጥርና የጠፋበት ቀን በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ በኋላ ነው።