ሕመሙ የእሷ፣ ውሳኔው የማን?

አቅራቢ 1፦ አክስቴ ሐኪም ክፍል ስትገባ ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ነበር። ሐኪሙ የሚያነጋግረው ግን ልጇን ነው። የጡት ካንሰር እንደያዛት የሰማችው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው።

አቅራቢ 2፦ እንዳትደነግጥ ብለው ነዋ! እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም።

አቅራቢ 1፦ ፍቅራቸው ይገባኛል። ግን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልን፣ በሽታውን ከታማሚዋ ከራሷ እንዴት እንደብቃለን?

አቅራቢ 2፦ ቢነገራትስ ምን ምርጫ ነበራት?

አቅራቢ 1፦ ነበራት እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙ የአሜሪካና የጣሊያን ጥናቶች ሴቶችን ለ20 ዓመት ተከታትለዋል። በጊዜ የተደረሰበት የጡት ካንሰር ከሆነ፣ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠትም ሆነ ጡቱን በሙሉ ማንሳት ዕድሜን በማቆየት አይበላለጡም።

አቅራቢ 2፦ ጨረሩ ግን ሳምንታት ይፈጃል። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይህ ሕክምና የነበረው አዲስ አበባ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ከገጠር የመጣች እናት የት ትረፍ? "ጡቴ ይነሳና ቶሎ ልጆቼ ጋ ልግባ" ብትል አልፈርድባትም።

አቅራቢ 1፦ እኔም አልፈርድባትም። ግን እሷ ትበለው! "ዝርዝሩን ለልጄ ንገሩት" ብትልም መብቷ ነው፤ መጀመሪያ ትጠየቅ።

አቅራቢ 2፦ አድማጮቻችን፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ "ሌላ አማራጭ አለ ወይ? የእያንዳንዱ ጥቅምና ጉዳት ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አክስትሽስ?

አቅራቢ 1፦ ተመስገን፣ ደህና ናት። "የቆጨኝ ጡቴ መነሳቱ አይደለም፤ ሳልጠየቅ መነሳቱ ነው" ትለኛለች።