ከንቱ የተባለው ጠረጴዛ



የዛሬው ንግግር ርእስ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ፣ «የቤት ዕቃ ታሪክ አልቆ ነው ወደ መኳኳያ የወረድሽው?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱን ወደድኩት፤ የዛሬው ጥያቄዬ በውስጡ አለና። በአልጋ፣ በቁም ሣጥንና በኮመዲኖ ማንም አይስቅም። መስታወትና መሳቢያ ያለው የመኳኳያ ጠረጴዛ፣ በተለምዶ ድሬሲንግ ቴብል የምንለው፣ ሲነሣ ግን ፈገግ እንላለን። ወደ እርሱ «ወረድሽ» የሚያሰኘው ምንድን ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ማስረጃውን ላስከትል። ይህ ዕቃ በረጅም ታሪኩ የማጌጫ ቦታ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የሥራ፣ የጽሕፈትና የምስጢር ቦታም ነበር። የናቅነው በፊቱ የምትቀመጠውን ሴት ሥራ ከሥራ ስላልቆጠርነው ይመስለኛል።

ከስሙ እንጀምር። በአማርኛ «መኳኳል» የተገኘው ከኩል ነው፤ ለዓይን ከሚደረገው ከጥቁሩ ኩል። ፈረንሳዮቹ ደግሞ «ቷሌት» የሚሉት ቃል ሥሩ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ማበጠሪያና ሽቶ የሚደረደርበትን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈውን ትንሽ ጨርቅ ያመለክት ነበር። ከዚያ ስሙ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛውም ወደ ማጌጡ ተግባር ተላለፈ። በመጨረሻም ወደ ክፍሉ ዞረና ዛሬ እኛ ቶይሌት ስንል መጸዳጃ ቤት ማለታችን ሆነ። አሜሪካውያን ይህንኑ ጠረጴዛ «ቫኒቲ» ይሉታል፤ ቃሉ ከንቱነት ማለት ነው፤ የመጽሐፈ መክብብ ቃል። በ1892 አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ አለን ጊልበርት በመኳኳያ ጠረጴዛዋ ፊት የተቀመጠች ሴት ሣለ፤ ሥዕሉን ራቅ ብሎ ላየው ክብ መስታወቱና የሴትየዋ ራስ አንድ ላይ ትልቅ የራስ ቅል ይሆናሉ። ለሥዕሉ የሰጠውም ስም «ሁሉም ከንቱ ነው» የሚል ነበር። ፍርዱ እንግዲህ በዕቃው ስምም በሥዕሉም ላይ ተጽፏል። (በዚህ ንግግር፣ ካልተለየ በስተቀር፣ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ግን ከዚህ ፍርድ ጋር አይስማማም። በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከግብፅ የተገኘ፣ ወደ 3,800 ዓመት ገደማ የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ትንሽ የማጌጫ ሣጥን አለ። ከዝግባ የተሠራ ሆኖ በዞጲና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ፣ የመስታወትና የቅባት ብልቃጦች ማስቀመጫ ያለው ነው። ባለቤቱ ኬሜኒ የሚባል የንጉሥ አሳላፊ ነበር፤ ወንድ። ስለዚህ ይህ ዕቃ ጠረጴዛ ከመሆኑ በፊት ሣጥን ነበር፤ «የሴት» ከመባሉም በፊት የሹም ዕቃ ነበር።

ሣጥኑ ወደ ጠረጴዛ ያደገው የመስታወት ነገር ሲለወጥ ነው። ትልልቅና ጥርት ያለ መስታወት የመሥራቱን ጥበብ ለረጅም ጊዜ በምስጢር የያዙት የቬኒስ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1665 በሉዊ 14ኛ ሚኒስትር በኮልቤር ጥረት ፈረንሳይ የራሷን የንጉሣዊ መስታወት ፋብሪካ አቋቋመች፤ በ1684 የተጠናቀቀው የቬርሳይ የመስታወት አዳራሽም 357 መስታወቶች ተደረደሩበት። ከዚያ በኋላ ራስን ማየት የባለጠጋ ቤት ሥርዓት ሆነ፤ ዕቃውም አብሮ ተራቀቀ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በ18ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ መኳኳል የግል ጉዳይ አልነበረም። አንዲት ታላቅ እመቤት ፀጉሯ እየተሠራ ነጋዴውን፣ ባለጉዳዩንና ወዳጇን ታነጋግር ነበር፤ ሹመትና ውለታ የሚለመነው በዚያ ሰዓት ነበር። የዘመኑ ባለሙያዎች የሠሩትም ይህንኑ ያሳያል። ዣን ፍራንሷ ኦበን ከ1761 እስከ 1763 ባለው ጊዜ ለማዳም ደ ፖምፓዱር የሠራው ጠረጴዛ፣ መሳቢያው ወደ ፊት ሲሳብ የላዩ ገበታ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። የመጻፊያም የመኳኳያም ጠረጴዛ ነው። ገበታው በተለያየ ቀለም እንጨት ልባስ በሥዕል ያጌጠ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ ባለቤቲቱ የምትወዳቸውን ጥበባት የሚያመለክቱ ናቸው። ይህን ዕቃ በአንድ ቃል «መኳኳያ» ብሎ መመዝገብ ግማሹን ሥራውን መሰረዝ ነው።

በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ። በ1788፣ ጆርጅ ሄፕልዋይት ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በባለቤቱ በአሊስ አማካይነት የታተመው የንድፍ መጽሐፉ፣ መሳቢያዎቹ ወደ ጎን የሚዞሩና መስታወቶቹ የሚያዘነብሉ ጠረጴዛ ያሳያል። በዚያው ዘመን ለወንዶች መላጫ ጠረጴዛ ይሠራ ነበር። የወንዱ ጠረጴዛ በኋላ ከመኝታ ቤቱ ጠፋ፤ የቧንቧ ውኃ ቤት ውስጥ ሲገባ መላጫው ወደ መታጠቢያ ክፍል ተዛወረ። የሴቷ ብቻ ቀረ፤ ስድቡንም ብቻውን ወረሰው።

ቀሪውን በአጭሩ ልለፈው። በ1835 ዩስቱስ ፎን ሊቢግ መስታወትን በብር የመለበጫ ኬሚካዊ ዘዴ አገኘ፤ ዘዴው ውሎ አድሮ ሠራተኞችን ይመርዝ የነበረውን የቆርቆሮና የሜርኩሪ ቅይጥ ተካ። መስታወት ረከሰ፤ ጠረጴዛውም ወደ መካከለኛው ቤተሰብ ገባ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ትልቅ ክብ መስታወትና ዝቅ ያለ ገበታ ፋሽን ሆነ። ኖርማን ቤል ጌዲስ ለሲመንስ ኩባንያ ከብረት የተሠራ የመኝታ ቤት ዕቃ ነደፈ። የዛሬው ደግሞ ከኤምዲኤፍ ተሠርቶ በመስታወቱ ዙሪያ አምፖል የሚበራበት ነው።

ለተማሪዎቼ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ «ጥንታዊ» የሚለው ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ነው፤ ገበያው ከዚያ ያነሰውን «ቪንቴጅ» ይለዋል፤ ይህ ግን የንግድ ቃል እንጂ የሕግ ቃል አይደለም። ሻጩን ሳይሆን መሳቢያውን ጠይቁ። አውጡትና ማዕዘኑን ተመልከቱ። እንደ ርግብ ጅራት የተቆረጠው መጋጠሚያ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ከሆነ የእጅ ሥራ ነው፤ ሁሉም እኩል ከሆነ የማሽን ነው። የክብ መጋዝ የቅስት ምልክት ካያችሁም ዘመኑ ወደዚህ ይቀርባል። መስታወቱ ግራጫ ሆኖ ጠርዙ ላይ ከተቦረቦረ የሜርኩሪ ሊሆን ይችላልና በባዶ እጅ አትፈትሹት።

መሳቢያውን ጠይቁ ስል ለራሴም ነው። እናቴ በእኛ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ስትዳር ከዋንዛ የተሠራ፣ ሦስት ተጣጣፊ መስታወት ያለው ጠረጴዛ ነበራት። በቀኝ መሳቢያው ኩሏ፣ ሚዶዋና ቅባቷ ነበሩ። የግራው በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉም ከአንገቷ አይለይም። በውስጡ የእኛ የክትባት ካርድ፣ የቤት ግብር ደረሰኝና የዕቁብ ደብተሮች ነበሩ፤ የሰፈሩ ሴቶች ዕቁብ ጸሐፊ እርሷ ነበረችና። አባቴም የራሱ ጠረጴዛ ነበረው፤ ማታ ማታ ጋዜጣ ያነብበት ነበር። የቤቱ ሒሳብ ግን የሚጻፈው በመስታወቱ ፊት ነበር።

ሁለቱም ካረፉ በኋላ ከወንድሞቼና ከእኅቶቼ ጋር ዕቃውን ለመከፋፈል ተቀመጥን። የአባታችን ጠረጴዛ የቤተሰብ ቅርስ እንዲሆን ማንም ሳይከራከር ተስማማን። የእናታችን ተራ ሲደርስ መስታወቱ መሰንጠቁን አየሁና፣ «ይኼ ለማንም አይሆንም» አልኩ። በማግስቱ ቆራሌው ወሰደው። ያን ቀን በቤት ዕቃ ታሪክ ዶክትሬቴን ከያዝኩ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስለ ማዳም ደ ፖምፓዱር ጠረጴዛ ለእናንተ ታላላቆች አስተምሬ ነበር። ሴት ልጇም ነኝ።

የቀሩኝ ደብተሮቹ ናቸው። በአንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ የጣት ምልክት የሚመስል የኩል ነቁጥ አለ፤ ከስሩ ዕጣ የወጣላቸው ሴቶች ስምና የብሩ መጠን በእጇ ተጽፏል። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ እጅ፣ በአንድ ገበታ ላይ ይሠሩ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ስለዚህ ለዘንድሮው የመስክ ሥራችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ። የመኖሪያ ቤት ዕቃ ስትመዘግቡ የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩንና ዕድሜውን ጻፉ፤ ቀጥሎም ቁልፉ በማን እጅ እንደነበረና መሳቢያው ውስጥ ምን ይቀመጥ እንደነበር ጠይቁ። እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ከእነርሱ ጀምሩ፤ ዕቃው ቆራሌው ዘንድ ከደረሰ በኋላ የሚመልስላችሁ አይኖርም።

 ባልደረባዬም ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለእርሱ እሰጣለሁ።