ከርዕስ የወጣ ጽሑፍ

ክቡራን አባ ገዳዎች፣ ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም ከየቀያችሁ ተነሥታችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከየኮሌጁና ከየዩኒቨርሲቲው መዓርጋችሁን ተቀብላችሁ ወደ ትውልድ ከተማችሁ ወደ ተልተሌ የተመለሳችሁ ተመራቂዎች ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የዚህ አገር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀውን ናጋን፣ ማለት ሰላምን፣ እጠይቃለሁ። ናጋ ነው ወይ? ሰዉ፣ ከብቱ፣ ሣሩ፣ ዝናሙ ናጋ ነው ወይ?

የጥሪው ደብዳቤ ላይ «አጭር ንግግር» የሚል ቃል ተጽፎ አይቻለሁ፤ መምህር ሆኖ የኖረን ሽማግሌ በአጭሩ ተናገር ማለት የተጠማን ግመል ጥቂት ቀምሰህ ተመለስ ብሎ እንደ መለመን ቢሆንም፣ የምችለውን አደርጋለሁ።

እንዲህ ባለ ቀን የሚጋበዝ እንግዳ ስለ አገር አደራ፣ ስለ ዓላማ ጽናት፣ ስለ መጪው ዘመን ይናገር ዘንድ የተለመደ ነው። እኔም በተመረቅሁበት ዕለት እንዲህ ያለውን ቃል ከአንድ ትልቅ ሰው አፍ ሰምቼ አጨብጭቤያለሁ፤ ነገር ግን እውነቱን እናገር ዘንድ ከተባለው ሁሉ አንዲት ቃል እንኳ በሕሊናዬ አልቀረችም። የቀረችው፣ ንግግሩ ሲያልቅ እናቴ ከመቀነትዋ ጫፍ ፈትታ በመዳፌ ያስጨበጠችኝ፣ ከላብዋ የተነሣ የረጠበች አንዲት ብር ናት። ስለዚህ ታላላቁን ነገር ከእኔ ለሚበልጡት ትቼ፣ በመዳፍ ስለምትያዝ ትንሽ ፍሥሐ ብቻ ለመናገር ቈርጬ መጥቻለሁ።

ትናንት ማታ ባረፍሁበት ቤት ባለቤቲቱ ወተት ያቀረበችልኝ በጮጮ ነበር። ከእናንተ መካከል ጮጮ ሳያይ ያደገ ስለሌለ ስለ እርሱ ማስረዳት ድፍረት ይመስላል፤ ሆኖም አብሮን የኖረውን ነገር ከማየት እንሰንፋለንና ታገሡኝ። ከሸክላ አልተሠራም፣ ከብረት አልተቀጠቀጠም፤ ከሥር የወጣ ጭረት ተፈትሎ፣ በወስፌ ጥልፍ በጥልፍ እየተጠበቀ የተሰፋ ዕቃ ነው፤ ስፌቱም ከመጥበቁ የተነሣ ወተቱን ይዞ ያድራል፤ ውስጡ በእንጨት ጭስ ታጥኖ ስለሚኖር ወተቱ ከመቀመሱ በፊት መዓዛው ይቀድማል። ይህን ለመስፋት ስንት ጊዜ ፈጀብሽ ብዬ ብጠይቃት፣ ከብት ስመልስ፣ ልጅ ሳጠባ በእጄ ነበር እንጂ መቼ ቈጠርሁት አለችኝ። በአፉ ዙሪያ የምትዞር አንዲት ጥቁር መሥመር አየሁና ይህችስ ለወተቱ ምን ትጠቅማለች አልኋት። ሳቀችና «ለወተቱማ ምንም፤ ለዓይኔ ናት» አለች። ኪነ ጥበብ ምንድን ነው ስለሚለው ጥያቄ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤያለሁ፤ ከዚህች መልስ የሚቀድም አላገኘሁም።

እንዲህ ያለው ትንሽ ፍሥሐ በጮጮ ብቻ አይወሰንም፤ በዚህ አገር ሽማግሎች መካከል ሌሊት ወጥተው ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋራ እንደ ዋለች የሚያዩ፣ 27 ስም ያላቸውን ዕለታት ከጨረቃው ወር ጋራ እያጋጠሙ ዘመንን የሚቈጥሩ አያንቱዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ከሰገን ወንዝ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችሁ ኮንሶዎችም ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ተራራውን እርከን አልብሰውታል፤ ዓለምም ይህን መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. ከቅርሶቹ መዝገብ አግብቶታል። እኔን የሚደንቀኝ መዝገቡ አይደለም። ያን እርከን የጀመረው ሰው ፍጻሜውን እንደማያይ እያወቀ፣ በዚያች ዕለት በእጁ የነበረችውን አንዲት ድንጋይ ገልበጥ አድርጎ፣ የሚገጥመውን ጎንዋን ፈልጎ፣ ስትገጥምለት ያገኘው ሐሤት ነው። ያ ሐሤት ባይኖር ሁለተኛዪቱን ድንጋይ ባላነሣ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ኀጢአት ልምጣ። በ1965 ዓ.ም. ገና ጢሜ ሳይጠና ወደ ዱብሉቅ ወገን ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ መጣሁ። ከተማሪዎቼ መካከል በየሦስት ቀኑ የሚቀር አንድ ልጅ ነበረ፤ በተቈጣሁት ቍጥር ዝም ይላል። አንድ ቀን «ደስታ ምንድን ነው?» የሚል ርዕስ ሰጥቼ አጻፍኋቸው። ሌሎቹ እንዳስተማርኋቸው ደስታ ማለት ትምህርት ነው፣ ደስታ ማለት ጤንነት ነው እያሉ ገጹን ሞሉልኝ። ያ ልጅ ግን የጻፈው ስለ ባልዲ ነበር። ሙሉው ባልዲ ከታች ሲመጣ፣ ባዶውም በዚያው ቅጽበት ከላይ ሲወርድ፣ ሁለቱ በእጅህ ላይ ሳይጋጩ ሲተላለፉ፣ ያን ጊዜ ደስታ ነው ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም። እኔም በቀይ ቀለም ከ10 ሦስት ሰጥቼ፣ ከግርጌው «ከርዕስ የወጣ» ብዬ ጻፍሁበት።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ መቅረቱን ለአባቱ ለመክሰስ ወደ ኤላው፣ ወደ ውሃው ጕድጓድ፣ ወረድሁ። መውረድ ያልሁት በምክንያት ነው፤ ወደ ጕድጓዱ የሚያደርሰው መንገድ ምድርን ሰንጥቆ የተቈፈረ ረጅም ቍልቍለት ሲሆን፣ ከብቱ በሁለት የአፈር ግድግዳ መካከል በሰልፍ ይወርዳል፤ ተራውንም የሚያስከብሩ አባ ሄሬጋ አሉ። ከታች ገንዳው አለ፤ ከገንዳውም ወዲያ ጕድጓዱ ገና ወደ ጥልቁ ይቀጥላል፤ ቱላ ከሚባሉት ከነዚህ ጕድጓዶች 30 ሜትር የሚደርስ አለ። በዚያ ጨለማ ውስጥ እርቃናቸውን የቀሩ ወንዶች አንዱ ከአንዱ በላይ በእንጨት መረማመጃ ላይ ቆመው፣ ቀድሞ ከቀጭኔ ቆዳ ይሰፋ በነበረው ባልዲ፣ በኦኮሌ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ፤ እያሳለፉም ይዘምራሉ። ያ ተማሪዬ ከታች ሦስተኛው ነበር።

ዜማው ድካምን ለማስረሳት የተጨመረ ጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ጥቂት ቆሜ ስመለከት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የታችኛው ሰው የላይኛውን እጅ አያይም፤ ፊቱን ሳያቀና ባልዲውን ወደ ላይ ይሰደዋል፤ እጅ እዚያ እንዳለ የሚነግረው ዜማው ነው። ዜማው ቢሳሳት ኦኮሌው ይወድቃል። እኔ በደብር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መዘምራኑ በመቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን በማሕሌት ሲያነጉት፣ ዜማው መቆምን ከማቃለሉ ይልቅ መቆሙ ራሱ ዜማ እንደሆነላቸው አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን አውቄው ሳለሁ ከበረት ሽታና ከጭቃ ጋራ ሲመጣ ግን ለማወቅ አልቻልሁም። ደግሞም ልብ በሉ፤ ከሰንሰለቱ መካከል ያለው ሰው ውሃውን ከየት እንደ ተቀዳ አያይም፣ ላሚቱ ስትጠጣም አያይም፤ ድርሻው ክንዱ የምትደርስባት ቦታ ብቻ ናት። በዚያች ቦታ ላይ ግን ያ ልጅ ፍጹም ነበረ።

ከዚያ በኋላ፣ አስተማሪው ይሞክር ተባለና ወርጄ አንድ ኦኮሌ ተቀበልሁ፤ ግማሹን በራሴ ላይ፣ ግማሹን ከበታቼ ባለው ሽማግሌ ላይ አፈሰስሁት። በዚያው ቅጽበት ዜማው ሳይቋረጥ ቃሉ ተለወጠና ጕድጓዱ በሳቅ ተሞላ። ቋንቋውን ገና አላውቅምና ምን እንደ ተባለ የነገሩኝ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ክብር ላለው ጉባኤ የሚነገር አይደለም። ግጥሙን የፈጠረው ያ ከ10 ሦስት ያገኘ ልጅ ነበር።

ይህን ስል ድህነትን እንደምባርክ አድርጎ የሚሰማኝ እንዳይኖር እፈራለሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ ቦረና ምን እንዳየ ለእናንተ አልተርክም፤ በዚህ ያላችሁ አባቶች በረታችሁ ባዶ ሲቀር ያያችሁ ናችሁ። ሆዱ ለጐደለበት ሰው ስለ ትንሽ ደስታ መስበክ ነውር ነው። በሞተር የሚወጣ ውሃ ያለበት ቀበሌ ስደርስ ለእነዚያ ወንዶች ጀርባ ደስ ይለኛል፤ ሞተሩን አምጡ፣ መሐንዲሶች ሆናችሁ የተመረቃችሁ ካላችሁ በርቱና ሁለት ሦስት አምጡ። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ከኤላው ግድግዳ ላይ የወረደው ያ ዜማ የት ሄዶ ይቀመጣል? በቢሮ፣ በጤና ጣቢያ፣ በመማሪያ ክፍል፣ ሙሉው ባልዲና ባዶው በእጃችሁ ላይ ሳይጋጩ የሚተላለፉበት ሥራ ይኖራችሁ እንደሆነ ከደመወዙ ቀጥሎ፣ ግድ የለም ከደመወዙ ቀጥሎ ይሁን፣ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነገርም በዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከትልቅ ሰው ቤት ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው፣ ኋላም ካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩ ሴት ናቸው፤ ወደ ለንደን ሄደው የሚማሩበት ዕድል ከተገኘ በኋላ ፈቃድ ሳይሆንላቸው ቀረ። ኀዘኑ ጸንቶባቸው ወደ ግሸን ማርያም ወጡና መነኰሱ፤ በዚያም 10 ዓመት ያህል ያለ ጫማ ኖሩ። ሙዚቃው ያን ጊዜ ያበቃ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ተመልሶ መጣ፤ ሸክላም ሲቀረጽ ገንዘቡ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም ገዳም በትንሽ ክፍል ኖረው በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኖውን ሲጫወቱ የሰማ ሰው፣ አንዱ ድምፅ ሌላውን ሳይቸኵል እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስለዋል። የለንደኑ በር ባይዘጋ የሚበልጥ ይሠሩ ነበር የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ በዚህ ለመፍረድ አልቸኵልም፤ የተዘጋን በር ጸጋ ነው ብሎ ማወደስ ለዘጊው ይመቻልና። እኔ የማየው ይህን ብቻ ነው፤ በደረሱበት ቦታ ሁሉ፣ ጫማ ሳይኖራቸው እንኳ፣ ጆሯቸው ሥራውን አላቆመም።

ወደ ልጁ ልመለስና ልጨርስ፤ አዘጋጆቹ ሰዓታቸውን ሲያዩ አይቻለሁ። ከኤላው በተመለስሁ ሰኞ አስጠርቼ ደብተርህን አምጣ፣ ያን ነጥብ አርማለሁ አልሁት። ደብተሩን አመጣ፤ ገጹ ግን የለም፤ ተቀድዷል። ወዴት ሄደ ብዬ ብጠይቀው፣ አባቴ የትምባሆ መጠቅለያ አጥተው ሰጠኋቸው አለኝ። ተቈጥቶ እንደሆነ ፊቱን አየሁ፤ ቍጣ የለበትም። በሌላ ገጽ ድገመውና ጻፍልኝ አልሁት። ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ ዛሬ ተራችን ነው፤ ከብቱ ወደ ኤላ ወርዷል» ብሎ፣ ፈቃድ ሳይጠብቅ ሮጠ።