ድመት አርቢን በምን እንመዝነው?

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ከብድር ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የብድር ማመልከቻዎች ሲነበቡ አንዱ ላይ ስንደርስ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁ። እኛም የኮሚቴው አባላት መጀመሪያ ስናየው ፈገግ ማለታችን አልቀረም። አንዲት እህታችን «አቢሲኒያን» የሚባለውን የድመት ዘር አርብታ ለመሸጥ 6,000 ዶላር ጠይቃ ነበር። እኛ ባደግንበት አገር ድመት ከጎረቤት ትመጣለች እንጂ አትገዛም፤ አይጥ ትይዛለች፣ ትራፊ ትበላለች። እዚህ ሜሪላንድ ግን የዘር ሐረጓ የተመዘገበ አንዲት የድመት ግልገል ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ታወጣለች፤ ልጆቻችሁ ለምነው ያስገዟችሁ እናቶች ይህን ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ማመልከቻውን እንደማንኛውም ማመልከቻ መረመርነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ያገኘነውን ነው፤ እህታችንም እዚሁ አለች፣ እንድንናገር ፈቅዳልናለች።

ዕቅዱ ንጹሕ ነበር። ሁለት ሴት ድመቶች በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ይወልዳሉ፤ በአንድ ወሊድ አራት ግልገል፤ አንዱ በ1,500 ዶላር። ጠቅላላ ገቢ 24,000 ዶላር። ወጪው ምግብ፣ አሸዋና ክትባት ነው። መደመሩ ልክ ነው። የወጪው ዝርዝር ግን በጣም አጭር ነው፤ ወንድ ድመት እንኳ የለበትም! (ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ግድግዳውን ሁሉ እየሸና አፓርታማ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቃል።) በዚያ ላይ በአራት ወሯ የተገዛች ድመት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ማስወለድ ተገቢ አይደለም። እንግዲህ የመጀመሪያው ዓመት ገቢ ባዶ ነው።

ሙያችን ሂሳብ ስለሆነ ከገቢው ይልቅ ወጪውን ማንበብ ይቀናናል። በዚህ ሥራ ደግሞ ሐቀኛውን አርቢ ከሌላው የሚለየው የወጪው ደረሰኝ ሆኖ አገኘነው።

አቢሲኒያን ድመቶች ላይ በደንብ የሚታወቁ የዘር በሽታዎች አሉ። አንዱ ፒሩቬት ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም መጉደል ነው፤ ቀይ የደም ሴሎች ቶሎ እየፈረሱ የደም ማነስ ያመጣል። ሌላው ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል ቀስ በቀስ የሚሞትበት ነው። ለገዢ ክፉው ይኼኛው ነው። ግልገሏ ስትወለድም ስትሸጥም ታያለች፤ ምልክቱ ብቅ የሚለው ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፣ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ትታወራለች። ያን ጊዜ ሻጩ ገንዘቡን ከበላ ቆይቷል። ሁለቱም በሽታዎች የሚመጡት ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። ሁለቱ ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ እያንዳንዱ ግልገል የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ አንደኛው ወላጅ ነፃ ከሆነ ግን በዚያ በሽታ የሚታመም ግልገል አይወለድም። ይህን ለማወቅ ጉንጭን በጥጥ ጠርጎ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይበቃል፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ያለው የእንስሳት ዘረመል ላቦራቶሪ ይህን ይሠራል። ክፍያው ከአንዲት ግልገል ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ «አቅም አጥቼ ነው» የሚባልበት አይደለም።

በምርመራ የማይያዝም አለ። በዚህ ዘር ኩላሊት ውስጥ ፕሮቲን እየተከማቸ የሚገድል በሽታ ይታወቃል፤ ለእሱ አስቀድሞ የሚለይ የዘረመል ምርመራ የለም። ስለዚህ የግልገሏ አያቶች በስንት ዓመታቸው፣ በምን እንደሞቱ መጠየቅ ነው። መልሱን የማያውቅ አርቢ ዘር አልያዘም። ሌላ ዘር የምትፈልጉም እንደዚያው ጠይቁ፦ ሜይን ኩንና ራግዶል ከሆነ ስለ ልብ፣ ፐርሺያን ከሆነ ስለ ኩላሊት። ጆሮዋ የታጠፈውን ስኮቲሽ ፎልድ ግን አትግዙ እንላለን፤ ጆሮዋን ያጠፈው ጉድለት መገጣጠሚያዋንም ያሳምማታል። በብሪታንያ ትልቁ የድመት መዝጋቢ ድርጅት ከ1970ዎቹ ጀምሮ አይመዘግባቸውም።

ከእህታችን ጋር ሁለት አርቢዎች ቤት ሄድን። የመጀመሪያዋ ሳሎን በውድድር ሪባን ተሸፍኗል፣ የምዝገባ ወረቀቷም ሙሉ ነው። ምዝገባ እናትና አባት ማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ ጤናቸውን አይናገርም፤ ሪባንም የሚሰጠው ለመልክ ነው። የምርመራ ወረቀት ስንጠይቅ «ድመቶቼ ታመው አያውቁም» አለችና የሦስት ደንበኞቿን ስልክ ሰጠችን። የአይጥ ምስክር ድንቢጥ! እናቲቱን አላሳየችንም። የስምንት ሳምንት ግልገል ግን ገንዘቡን ከላክን በዚያው ቀን ልትሰጠን ዝግጁ ነበረች። ስምንት ሳምንት ገና ነው፤ ጥሩ አርቢ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በፊት ግልገል አያስወጣም፣ ክትባቱም ቢያንስ ሁለት ዙር ሊደርስ ይገባል።

የሁለተኛዋ ቤት እንዲህ ያማረ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ ዝርክርክ ነው፣ ድመቶቹ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳሉ። ነገር ግን የእያንዳንዷ ድመት የምርመራ ውጤት ከማይክሮቺፕ ቁጥሯ ጋር በአቃፊ ተቀምጧል። እናቲቱ ራሷ መጥታ እግራችን ሥር ተኛች። ከዚያ ጠያቂዋ እሷ ሆነች፦ ቀን ቤት ማን ይውላል? አከራያችሁ ድመት ይፈቅዳል? የሐኪም ወጪ ቢመጣ ከየት ይከፈላል? ውሏ ግልገሏ እንድትመክን ያስገድዳል፤ ገዢው ማሳደግ ቢያቅተው በማንኛውም ዕድሜዋ መልሳ እንደምትወስዳት ይላል። ለእህታችን ለማራባት የሚሆን ድመት አልሸጥም አለች፤ «መጀመሪያ አንዲት የመከነች አሳድጊ፣ አንድ ዓመት እኔ ጋ እየመጣሽ እዪ» አለቻት። ስለ ትርፍ ስንጠይቃት ሳቀች። ባለፈው ዓመት የአንዷ ድመት ምጥ ጠንቶ በኦፕሬሽን ስትወልድ የዚያ ወሊድ ገቢ በሙሉ ለሐኪም ሄዷል።

የመጀመሪያዋ «ይህ እኮ የአገራችሁ ድመት ነው» ብላን ነበር። ስሙ የወጣው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ (በ1868 እ.ኤ.አ.) ወደ እንግሊዝ ተወስዳለች ከተባለች ድመት ነው። የዘረመል ጥናት ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታል። ለአገር ፍቅር ብላችሁ ተጨማሪ ዶላር አትክፈሉ። ድመቷን በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትላኩ፤ ፎቶ ብቻ አሳይቶ ገንዘብ የሚሰበስብ አጭበርባሪ ብዙ ነው። ዘር የማትመርጡ ከሆነ ደግሞ በየካውንቲው የእንስሳት መጠለያ አለ።

አሁን ወደ ብድሩ። ገንዘቡ ከለጋሾቻችን የተገኘ ተዘዋዋሪ ብድር ነው፤ በየወሩ ካልተመለሰ ተራ የምትጠብቀው እህት ትቀራለች። ድመት ደግሞ በየወሩ አትወልድም። ወርኃዊ ክፍያ ያለበት አርቢ ምርመራውን ለመዝለል፣ እናቲቱን ሳታርፍ ለማስወለድ፣ ግልገሉን በስምንት ሳምንት ለመሸጥ ይገፋል። እህታችን ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ የገንዘቡ ጠባይ ወደዚያ ይወስዳታል። በዚህ ምክንያት ኮሚቴው 6,000 ዶላሩን አልደገፈም።

እህታችን ዕቅዱን ትታ ሌላ ጽፋለች፦ ባለቤቶቻቸው ለሥራና ለጉዞ ሲወጡ በየቤታቸው እየሄደች ድመት ልትጠብቅ፣ ለሥልጠናና ለኢንሹራንስ 900 ዶላር ጠይቃለች። ወረቀቱ በእጃችሁ ነው። ከቡና በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።