የካሮትን ዘር ቆጥሮ መዝራት

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጓሮ አትክልት ነው። በተለይም ስለ ካሮት ዘር እንነጋገራለን። እርሳስና ደብተር አጠገባችሁ ካለ ያዙ፤ እንሠራባቸዋለን።

የካሮት ዘር ደቃቅ ነው። አንድ በአንድ መዝራት ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ቆንጥሮ ይነሰንሰዋል። ታዲያ ምን ይሆናል? አንዱ ቦታ ተጨናንቆ ይበቅላል፤ ሌላው ባዶ ይቀራል። የተጨናነቀው ካሮት ሥሩ አይወፍርም፤ ቀጥኖ ይቀራል። ስለዚህ ነቅለን እናሳሳዋለን። ማሳሳት ማለት ግን በገንዘባችን የገዛነውን ዘር አብቅሎ መጣል ማለት ነው።

«የተነቀለውን ሌላ ቦታ ብንተክለውስ?» ትሉ ይሆናል። ጎመንና ቲማቲም ከመደብ ወደ ማሳ ይዛወራሉ። ካሮት ግን ሲዛወር ሥሩ ይጣመማል፤ ይከፋፈላል። ስለዚህ ካሮት የሚያድግበት ቦታ ላይ፣ ከመጀመሪያው በልኩ መዘራት አለበት።

ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ዘሩን ቤት ተቀምጠን በወረቀት ጥብጣብ ላይ እንለጥፋለን። ከዚያ ጥብጣቡን እንዳለ አፈር ውስጥ እንቀብራለን።

በቅድሚያ ዘሩን ፈትኑ። 10 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ አይድረቅ። በ2 ሳምንት ውስጥ 8 ወይም ከዚያ በላይ ካጎነቆለ ዘሩ ደህና ነው። ከ5 እስከ 7 ከሆነ በአንድ ነጥብ ላይ 2 ፍሬ ታደርጋላችሁ። ከ5 ካነሰ ሌላ ዘር ፈልጉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

1ኛ፦ ሶፍት ወረቀት ወይም አሮጌ ጋዜጣ ውሰዱ። ብልጭልጭ ወረቀት ውሃ ቶሎ ስለማያስገባ ተዉት። ስፋቱን 3 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱን 1 ሜትር አድርጉ። ካጠረ ቀጥሉት።

2ኛ፦ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ማስመሪያ የሌለው ሰው 3 ጣቱን ገጥሞ ይለካ። በ1 ሜትር ላይ 20 ነጥብ ይወጣል።

3ኛ፦ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ በጥብጡ። እንደ አጥሚት ወፈር ይበል። ጨው አትጨምሩ፤ ጨው ዘርን ይጎዳል።

4ኛ፦ በስንጥር ጫፍ ከብጥብጡ ጠብታ ወስዳችሁ ነጥቡ ላይ አድርጉ። በረጠበው ስንጥር ዘሩን አንስታችሁ ጠብታው ላይ አኑሩት።

5ኛ፦ ጥብጣቡን ነፋስ በሚገባበት ጥላ አድርቁ። ከኃይለኛ ፀሐይና ከእሳት አርቁት። ሳይደርቅ ከቆየ ግን ዘሩ ማጎንቆል ይጀምራል፤ ያጎነቆለ ዘር መልሶ ሲደርቅ ይሞታል።

6ኛ፦ በጥብጣቡ ጫፍ ላይ «ካሮት፣ 20 ፍሬ» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም ጨምሩ። ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡ፤ አለዚያ አይጥ ዱቄቱን ፈልጋ ትመጣለች።

እስቲ አሁን ሒሳብ እንሥራ። በ1 ግራም የካሮት ዘር ውስጥ ከ500 በላይ ፍሬ አለ። ለ1 ሜትር 20 ፍሬ ከበቃ፣ 500 ፍሬ ለስንት ሜትር ይበቃል? 500ን ለ20 አካፍሉ። መልሱ 25 ሜትር ነው። በየነጥቡ 2 ፍሬ ያደረገ ሰው እንኳ 12 ሜትር ተኩል ይዘራበታል። ቆንጥሮ የሚነሰንስ ሰው ዘሩ የት ድረስ እንደሚያደርሰው አያውቅም። የቆጠረ ግን ያውቃል።

የመዝሪያው ቀን ሲደርስ መሬቱን በደንብ ቆፍሩ። ድንጋይና ጓል ልቀሙ፤ ድንጋይ ያገኘው የካሮት ሥር መንታ ይሆናል። መስመሩን በገመድ አቅኑ። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ጥብጣቡን አጋድማችሁ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ አፈር አልብሱት። ወረቀቱ አፈር ላይ ብቅ እንዳይል ተጠንቀቁ። ብቅ ካለ እርጥበቱን እየመጠጠ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ነፋስም ይነቅለዋል።

ወዲያው ውሃ አርከፍክፉ፤ በኃይል አታፍስሱ። እስኪበቅል ድረስ አፈሩ አይድረቅ። ካሮት ለመብቀል ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ «አልበቀለም» ብላችሁ ቶሎ አትቆፍሩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም?

ይህ ዘዴ ለሰፊ እርሻ አይሆንም። መጥፎውን ዘርም ጥሩ አያደርገውም። ለጓሮ መደብ ግን ጠቃሚ ነው። ወገባቸውን የሚያማቸው እናቶችና አባቶች ጎንበስ ብለው ከሚለቅሙ፣ ተቀምጠው ይለጥፋሉ። ልጆችም እየቆጠሩ ያግዟቸዋል። ሰላጣም በዚሁ ዘዴ ይዘራል፤ ለሰላጣ ግን በነጥቦቹ መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ተዉ።

የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። የዘራችሁበትን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። ከ3 ሳምንት በኋላ የበቀለውን ቆጥራችሁ ከጎኑ ጻፉ። ከ20 ነጥብ ስንቱ በቀለ? ያ ቁጥር ለሚቀጥለው ዘር ምን ያህል መግዛት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ሳይሆን፣ በገዛ እጃችሁ የጻፋችሁት ደብተር ነው።

በሉ፣ ደህና ሁኑ።